ፈረደለት፣ ፈረደበት፦ ያለ ጥፋት መወቀስ በአማርኛና በእንግሊዝኛ



የዛሬው ጥያቄዬ አጭር ነው፦ ሰው ያላጠፋውን ጥፋት ሲሸከም ቋንቋ ይህን እንዴት ይገልጸዋል?

ከሰዋስው ልነሣ። «ዳኛው ፈረደለት» እና «ዳኛው ፈረደበት» የሚለያዩት በአንዲት ምዕላድ ነው፤ «ለ» ጥቅምን፣ «በ» ጉዳትን ታመለክታለች። የቡሬ ገበሬ «ላሜ ሞተችብኝ» ሲል ላሟ አልበደለችውም፤ ጉዳቱ ግን እርሱ ዘንድ መድረሱን «ብኝ» ትናገራለች። እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ የግሥ ቅጥያ የለውም፤ «ላይ» የሚል ፍቺ ባለው «ኦን» በተባለው መስተዋድድ ይጠቀማል። በዚያም ቋንቋ ላም የምትሞትበት፣ ወቀሳ የሚለጠፍበት፣ የሌላ ሰው ንዴት የሚወጣበት ሰው የሚገለጸው በዚሁ ቃል ነው።

ወደ ዘይቤ ስንሻገር፣ ዊልያም ቲንደል በ1530 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የኦሪት ትርጉም በዘሌዋውያን ምዕራፍ 16 የሕዝቡን ኃጢአት ተሸክሞ ወደ ምድረ በዳ የሚሰደደውን ፍየል «ስኬፕጎት»፣ ማለትም የሚያመልጥ ፍየል፣ ብሎታል። ዛሬ ቃሉ የሌሎችን ጥፋት የሚሸከም ሰው መጠሪያ ነው። የእኛ «የጦስ ዶሮ» ደግሞ በበሽተኛ ራስ ላይ ዞራ የምትጣል ናት። ፍየሉ ኃጢአትን፣ ዶሮዋ መከራን ይወስዳሉ። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ግን ከሁለቱም ይለያል፤ እዚህ መቺው ጥፋተኛውን ያውቃል፤ ስለሚፈራው ብቻ አቅም የሌለውን ይመታል።

ሦስተኛው መንገድ ወቃሹን መሰወር ነው። በምዕራብ ጎጃም ገጠር፣ እንደ ሌላውም የሰሜን ኢትዮጵያ ክፍል፣ ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች «ቡዳ ናቸው ይባላል»። ገበሬው በሠሩለት ማረሻ ያርሳል፤ በሠሩለት ድስት ወጡ ይሠራል፤ ልጁ ሲታመም ግን ጥርጣሬው ወደ እነርሱ ይዞራል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ለተከሰሰ ሰው እንደ ንጹሕ የመቆጠርና ምስክሮችን የመጠየቅ መብት ሰጥቷል። «ይባላል» ግን ችሎት አይቀርብም፤ መስቀለኛ ጥያቄም አይጠየቅም። ተወቃሹ ስም አለው፤ ወቃሹ የለውም።

ስለዚህ ለመስክ ጥናት ወደ ፍኖተ ሰላም ዙሪያ ቀበሌዎች የምትወጡ ተማሪዎች ሆይ፣ «ይባላል» የሚለውን ቃል ስትሰሙ ማን እንዳለ፣ ስለ ማን እንዳለና ምን አይቶ እንዳለ ጠይቁ። መልስ ካጣችሁ ያንኑ ማጣታችሁን መዝግቡ፤ ወሬውን ግን በእናንተ ብዕር ማስረጃ አታድርጉት።