ፀጉርና ሰማይ የሚካፈሉት ነጥብ

ወደ ፎቶ ቤት የሚመጣ ደንበኛ ከሚያቀርባቸው ጥያቄዎች ሁሉ ቀላል የሚመስለው፣ መልኩን ከተነሣበት ስፍራ ለይቶ በሌላ ዳራ ላይ ማኖር ነው። ባለሙያውም በኮምፒዩተሩ ላይ የትከሻውንና የኮቱን ዙሪያ ፈጥኖ ከከበበ በኋላ፣ ከፀጉሩ ሲደርስ እጁ መዘግየት ይጀምራል፤ ምክንያቱም በዚያ ስፍራ ዓይናችን እንዳለ አድርጎ የሚያየው የወሰን መስመር በምስሉ ውስጥ ጨርሶ የለም።

ዲጂታል ፎቶግራፍ ፒክስል ከሚባሉ ደቃቅ ነጥቦች የተሰበሰበ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ነጥብ የቀዩን፣ የአረንጓዴውንና የሰማያዊውን ብርሃን መጠን አብዛኛውን ጊዜ ከ0 እስከ 255 ባለው ቁጥር ይናገራል። አንዲት ነጠላ ፀጉር ግን በምስሉ ላይ ከአንድ ነጥብ ወርድ ልትቀጥን ትችላለች፤ ካሜራውም ያን ነጥብ ከፍሎ ከፊሉን ለፀጉር፣ ከፊሉን ለሰማይ ለመስጠት ሥልጣን ስለሌለው፣ ከሁለቱም የመጣውን ብርሃን ደምሮ አንድ ቀለም ያደርገዋል። ስሌቱን ለማቅለል ያህል፣ ጠቆር ያለው ፀጉር 60፣ 40፣ 30፣ ሰማዩም 140፣ 180፣ 220 ነው እንበል፤ ፀጉሩ ከነጥቡ 40 በመቶውን ቢሸፍን፣ የሚመዘገበው 108፣ 124፣ 144 ይሆናል፤ ይኸውም ፀጉርም ሰማይም ሊባል የማይችል፣ በሁለቱ ቱሳሔ የተገኘ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ ነው። እንግዲህ ጠርዝን በመቀስ እንደሚቆረጥ ወረቀት የሚያስብ ሰው በፀጉር ላይ ሁልጊዜ ይሳሳታል፤ ሊጠየቅ የሚገባው ነጥቡ የማን እንደ ሆነ ሳይሆን ስንት እጁ የማን እንደ ሆነ ነውና።

ይህን ምጣኔ በአራተኛ ቁጥር አስፍሮ ከሦስቱ የቀለም ቁጥሮች ጋር የማኖርን ሐሳብ ያፈለቁት፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጨረሻ በኒውዮርክ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይሠሩ የነበሩት አልቪ ሬይ ስሚዝና ኤድ ካትመል ናቸው፤ ቁጥሩንም አልፋ አሉት። በ1984 ደግሞ በፊልም ኩባንያው በሉካስፊልም የነበሩት ቶማስ ፖርተርና ቶም ደፍ፣ አንዱ ምስል በሌላው ላይ ሲደረብ የሚከተለውን ሒሳብ በሥርዓት ጻፉት፤ የላይኛው ቀለም በአልፋው፣ የታችኛውም ከአልፋው በተረፈው እጅ ይባዛና ሁለቱ ይደመራሉ። ከላይ ፀጉሩን በ40፣ ሰማዩን በ60 በመቶ ያሰላነው ይህንኑ ነበር።

ሌየር የሚባለው፣ ምስሎችን ለየብቻ ይዞ አንዱን በሌላው ላይ የሚደርበው ነገር በዚህ ሒሳብ የቆመ ይሁን እንጂ፣ ሐሳቡ ከኮምፒዩተር ይቀድማል፤ በአሜሪካ የካርቱን ፊልም ሠሪው ኧርል ኸርድ በ1915 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ዘዴ፣ የሚንቀሳቀሰውን ሥዕል ብርሃን በሚያሳልፍ ሴሉሎይድ ላይ ሥሎ፣ በማይለወጠው ዳራ ላይ መደረብ ነበር። የሚያስገርመው ግን ቶማስ ኖል በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ጀምሮት ከወንድሙ ከጆን ጋር ያሳደገው ፎቶሾፕ የተባለው የምስል ማረሚያ ፕሮግራም በ1990 ለገበያ ሲቀርብ ሌየር ያልነበረው መሆኑ ነው። የተለጠፈው ምስል ቦታውን ይዞ ከተለቀቀ በኋላ ከሥሩ ያለውን ደምስሶ ከዳራው ጋር አንድ ይሆን ነበርና፣ ሐሳቡን የለወጠ ሰው ሥራውን እንደገና ከመጀመር በቀር ብዙ መድኃኒት አልነበረውም። በ1994 በሦስተኛው እትም ሌየር ሲገባ፣ ምስሎቹ በዓይን አንድ ሆነው እየታዩ በፋይሉ ውስጥ ግን ያለ ቱሳሔ፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ጸንተው መኖር ቻሉ።

ወደ ዙሪያው መስመር እንመለስ። ጥርት ላለው ጠርዝ፣ ለኮት፣ ለመነጽር፣ ለመኪና፣ ፔን ቱል የሚባለውን የፕሮግራሙን መሣሪያ የሚያህል የለም፤ መሠረቱም የሬኖው መሐንዲስ ፒየር ቤዚዬ የመኪና አካል ለመንደፍ ያስፋፋው የጥምዝ መስመር ቀመር ነው። ራሱ ጠርዙን እየፈለገ የሚጣበቀው ማግኔቲክ ላሶ ደግሞ፣ ኤሪክ ሞርተንሰንና ዊልያም ባሬት በ1995 ካቀረቡት ዘዴ ጋር የሚዛመድ ነው። በእነርሱ ዘዴ ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ነጥብ ዋጋ ያወጣል፤ ቀለም በድንገት የሚለወጥበት ነጥብ ርካሽ፣ ወጥ የሆነው ስፍራ ውድ ይሆናል፤ ከዚያም ባለሙያው በጠቆማቸው ሁለት ቦታዎች መካከል፣ ውኃ ሸለቆ ይዞ እንደሚወርድ፣ ድምሩ ከሁሉ ያነሰውን መንገድ ይከተላል። መንገዱን የሚያገኝለትም ሆላንዳዊው ኤድስገር ዳይክስትራ በ1959 ያሳተመው የአጭር መንገድ ስሌት ነው። ይህ ሁሉ ግን ለፀጉር አይበጅም፤ መስመሩ የቱንም ያህል ብልህ ቢሆን መስመር ነውና።

ለፀጉር የሚበጀው ማስክ ነው። ማስክ በሌየሩ ላይ የሚታሰር ጥቁርና ነጭ ምስል ሲሆን፣ ነጩ ያሳያል፣ ጥቁሩ ይሰውራል፣ በመካከላቸው ያለው ግራጫ ሁሉ እንደየደረጃው ከፊሉን ያሳልፋል። በላጲስ የጠፋ ነጥብ ፋይሉ ተቀምጦ ከተዘጋ በኋላ የማይመለስ ሲሆን፣ በማስክ የተሰወረው ግን ከሥሩ ደኅና ነው፤ ስለዚህ ላጲስን ለዚህ ሥራ የሚያነሣ ባለሙያ ባየሁ ቁጥር ይቆጨኛል።

ማስኩ በትክክል ቢሠራም አንድ ችግር ይቀራል። ያ 108፣ 124፣ 144 የሆነው ነጥብ 40 በመቶው ብቻ እንዲታይ ቢደረግ እንኳ፣ የሰማዩን ቀለም በውስጡ ተሸክሞ ስለሚሄድ፣ ሰውዬው በቀይ መጋረጃ ፊት ሲቆም በፀጉሩ ዙሪያ ሰማያዊ ጭጋግ ይታያል። ንጹሑን የፀጉር ቀለም ለማስላት እንዳንሞክር፣ የታወቁት ቁጥሮች 3፣ ያልታወቁት ግን 7 ናቸው፤ የፀጉሩ 3፣ የሰማዩ 3፣ አንዱም አልፋው። የዳራው ቀለም አስቀድሞ ቢታወቅም ገና 4 ይቀራሉ። ስሚዝና ጂም ብሊን በ1996 እንዳሳዩት፣ ያው ነገር ሳይንቀሳቀስ በሁለት የታወቁና የተለያዩ ዳራዎች ፊት ቢነሣ ስሌቱ ይፈታል፤ ነገር ግን ከፎቶግራፍ አንሺ ፊት አንዲት ፀጉሩ ሳትነቃነቅ ሁለት ጊዜ የሚነሣ ሰው ከወዴት ይገኛል? ስለዚህ ፕሮግራሙ ከአጠገቡ ካሉት ነጥቦች ተነሥቶ ይገምታል፤ ዳራው ወጥ ግድግዳ ሲሆን ግምቱ ይሰምርለታል፤ ቅጠሉ የበዛ ዛፍ ሲሆን ግን ቅጠሉን ከፀጉር ይቀላቅላል፤ ያን ጊዜ ለደንበኛው የሚሻለው ከግድግዳው ፊት ቆሞ እንደገና መነሣት ነው።