በዩኒቨርሲቲና በኢንዱስትሪ መካከል የተገነባ የተመራማሪነት ሕይወት፤ የጆን ባርዲን ምሳሌነት

መግቢያ

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሊያጠናቅቅ የተቃረበና በሒሳብና በፊዚክስ ዝንባሌ ያለው ተማሪ ለመምህሩ ከሚያቀርባቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ «በቴክኖሎጂ ምርምር ለመሰማራት በዩኒቨርሲቲ መቆየት ይሻለኛል ወይስ በኢንዱስትሪ መቀጠር?» የሚል ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ ሁለቱን እንደማይገናኙ መንገዶች የሚቆጥር ነው። በዚህ አስተሳሰብ መሠረት ከዩኒቨርሲቲ ወደ ፋብሪካ የሄደ ሰው ዕውቀትን እንደ ተወ፣ ከፋብሪካ ወደ ዩኒቨርሲቲ የተመለሰም ከሥራ እንደ ሸሸ ተደርጎ ይታያል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አመለካከት የተሟላ አለመሆኑን በአንድ ሳይንቲስት የሥራ ታሪክ አማካይነት ማስረዳትና፣ ከታሪኩ ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የሚተርፈውን ትምህርት ማመልከት ነው። ለምሳሌነት የተመረጠው የፊዚክስን የኖቤል ሽልማት ሁለት ጊዜ የተቀበለው ብቸኛ ሰው ጆን ባርዲን ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

፩. ከምሕንድስና ወደ ፊዚክስ

ባርዲን በ1908 በአሜሪካ፣ በማዲሰን ከተማ ተወለደ። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና አጥንቶ በ1928 የመጀመሪያ፣ በ1929 የሁለተኛ ዲግሪውን ተቀበለ። በ1930 የጋልፍ ነዳጅ ኩባንያ በፒትስበርግ ባቋቋመው የምርምር ቤተ ሙከራ ተቀጠረ። ሥራው የምድርን የስበት ኃይልና የማግኔት መስክ ልኬቶች እየተረጎመ ነዳጅ ሊገኝባቸው የሚችሉ ቦታዎችን ለማወቅ መርዳት ነበር።

በ1933፣ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ብዙዎችን ከሥራ ባፈናቀለበት ጊዜ፣ ይህን ደመወዝ የሚያስገኝ ሥራ በገዛ ፈቃዱ ትቶ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ እንደገና ተማሪ ሆነ። በዚያም በዩጂን ዊግነር መሪነት ኤሌክትሮኖች በብረታ ብረት ውስጥ ስለሚያሳዩት ጠባይ ተመራምሮ በ1936 ዶክትሬቱን አገኘ። ከዚያ በኋላ በሃርቫርድ ተመራማሪ፣ ከ1938 እስከ 1941 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ መምህር፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም በአሜሪካ ባሕር ኃይል የጦር መሣሪያ ቤተ ሙከራ ሠራተኛ ሆኖ አገለገለ።

፪. ትራንዚስተር እንዴት ተገኘ?

ጦርነቱ እንዳበቃ፣ በ1945፣ ባርዲን የአሜሪካ የቴሌፎን ኩባንያ የምርምር ክፍል ወደ ሆነው ወደ ቤል ቤተ ሙከራዎች ተዛወረ። ኩባንያው አንድ ግልጽ ችግር ነበረበት። የቴሌፎን ድምፅ የሚያጎሉት የቫኪዩም ቱቦዎች ብዙ ኃይል ይፈጃሉ፣ ይግላሉ፣ ይቃጠላሉም። ስለዚህ በእነርሱ ፋንታ፣ ሴሚኮንዳክተር የሚባሉትን ኤሌክትሪክን በከፊል የሚያስተላልፉ ቁሶች መጠቀም ይቻል እንደ ሆነ እንዲመረምር የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የምሕንድስና ባለሙያዎች የተሰባሰቡበት አንድ ቡድን ተቋቋመ።

ከቡድኑ መሪዎች አንዱ የነበረው ዊልያም ሾክሊ የነደፈው ሙከራ በስሌት ትክክል ቢመስልም በተግባር አልሠራም። ባርዲን ሙከራውን ከመጣል ይልቅ «ለምን አልሠራም?» ብሎ ጠየቀ። በ1946 ያቀረበው መልስ፣ በቁሱ ገጽ ላይ የተያዙ ኤሌክትሮኖች ከውጭ የሚመጣውን የኤሌክትሪክ መስክ ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ ይጋርዱታል የሚል ነበር። በዚህ ማብራሪያ በመመራት እርሱና የሙከራ ጠቢቡ ዋልተር ብራቴን ታኅሣሥ 16 ቀን 1947 በጀርማኒየም ላይ ሁለት የወርቅ ንክኪዎችን እጅግ በማቀራረብ የመጀመሪያውን ትራንዚስተር አሠሩ። በየትምህርት ቤታችን የሬዲዮ ትምህርት ሲያሰሙ የኖሩት በባትሪ ድንጋይ የሚሠሩ ትንንሽ ሬዲዮኖች የዚህ ግኝት ውጤቶች ናቸው። ሾክሊ፣ ባርዲንና ብራቴን በ1956 የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት፣ ይህ የኢንዱስትሪ ግኝት ያለ ዩኒቨርሲቲ የማይታሰብ መሆኑ ነው። ስሕተቱን ያስረዳው ንድፈ ሐሳብ በፕሪንስተን ከተቀሰመው ዕውቀት የመነጨ ነው፤ ስለ ጀርማኒየም የነበረው ዕውቀትም በአብዛኛው በጦርነቱ ጊዜ ለራዳር ሲባል በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የተካሄደው ምርምር ውጤት ነበር።

፫. ወደ ዩኒቨርሲቲ መመለስ

ከግኝቱ በኋላ በቡድኑ ውስጥ ቅራኔ ተፈጠረ። ባርዲን ሊያጠናው የፈለገውን እንደ ልቡ ለማጥናት ስላልቻለ በ1951 ወደ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። ዩኒቨርሲቲውም በኤሌክትሪክ ምሕንድስናና በፊዚክስ ክፍሎች በአንድነት ፕሮፌሰር አድርጎ ሾመው። በዚያም አንዳንድ ብረታ ብረቶች እጅግ ሲቀዘቅዙ ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች ብክነት የሚያስተላልፉበትን ምክንያት መመርመር ያዘ። ይህ ክስተት በ1911 በሆላንድ ከታወቀ ጀምሮ ምክንያቱ ሳይፈታ የኖረ ነው። ባርዲን ከወጣቱ ተመራማሪ ከሊዮን ኩፐርና ከተማሪው ከሮበርት ሽሪፈር ጋር በ1957 መልሱን አገኘ፤ ሦስቱም በ1972 የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ።

ባርዲን በዚህ ጊዜ ከኢንዱስትሪ ጋር የነበረውን ግንኙነት አላቋረጠም። የዜሮክስ ኩባንያ አማካሪ፣ በኋላም የዲሬክተሮች ቦርድ አባል ነበር። በኢሊኖይ የመጀመሪያ ተማሪው የነበረው ኒክ ሆሎንያክም በ1962 በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ሳለ ለዓይን የሚታይ ቀይ ብርሃን የሚሰጠውን ዳዮድ ሠርቶ በ1963 በመምህርነት ወደዚያው ዩኒቨርሲቲ ተመለሰ።

፬. ከዚህ የምንማረው

አንደኛ፣ የባርዲን መሥሪያ ቤቶች ቢለዋወጡም ከፕሪንስተን ጀምሮ ዋናው ጥያቄው አልተለወጠም፤ ይኸውም ኤሌክትሮኖች በጠጣር አካላት ውስጥ እንዴት ይመላለሳሉ የሚለው ነው። ከቦታ ወደ ቦታ መዛወር በራሱ ሙያን አይገነባም፤ የሚገነባው በየደረሱበት ሥራውን ወደፊት የሚያራምድ አንድ ጽኑ ጥያቄ ሲኖር ነው።

ሁለተኛ፣ ሁለቱ ተቋሞች የሚሰጡት የተለያየ ነው። ኢንዱስትሪው ተጨባጭ ችግርን፣ ቁሳቁስንና ልዩ ልዩ ሙያ ያላቸውን የሥራ ጓደኞች ሰጠ። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ተማሪዎችን፣ ረዘም ያለ ጊዜንና ለ46 ዓመታት ያልተፈታ ጥያቄን የመከታተል ነጻነት ሰጠ።

ሦስተኛ፣ ይህ ሁሉ በግለሰብ ጥረት ብቻ የተገኘ አይደለም። ኢሊኖይ ከኢንዱስትሪ የመጣን ሰው በሙሉ ማዕረግ ባይቀበል፣ በሁለት ክፍሎች ባይሾም፣ አማካሪነቱንም ባይፈቅድ ኖሮ በሩ በተዘጋ ነበር። እርግጥ ነው፣ ቤል በአገር አቀፍ የቴሌፎን አገልግሎት ገቢ የተደገፈ ግዙፍ ድርጅት ስለ ነበር ማንኛውም ፋብሪካ ሊመስለው አይችልም። ስለዚህ ዕቅድ አውጪዎች ሊወስዱ የሚገባቸው ሀብቱን ሳይሆን አሠራሩን ነው። በፋብሪካ የተገኘ የምርምር ልምድ ለመምህርነት ማዕረግ እንዲቆጠር፣ መምህሩም መብቱ ሳይጓደል ለተወሰነ ጊዜ በኢንዱስትሪ እንዲሠራ መፍቀድ ከብዙ ሕንጻ ያነሰ ወጪ የሚጠይቅ ነው።

ማጠቃለያ

ለመምህሩም የሚተርፍ ተግባር አለ። በቤተ ሙከራ ያልተጠበቀ ውጤት ያገኘ ተማሪ ወዲያው «ተሳስተሃል» ከሚባል ይልቅ ምክንያቱን መርምሮ እንዲጽፍ ቢታዘዝ፣ ወደ ትራንዚስተር ያደረሰውን ልማድ ከልጅነቱ ይለማመዳል። በመግቢያው ላይ ለቀረበው ጥያቄም መልሱ፣ «አስቀድመህ መሠረታዊውን ሳይንስ አጥብቀህ ያዝ፤ ጥያቄህንም ለይተህ ዕወቅ፤ ከዚያ በኋላ ጥያቄህ በሚመራህ ቤት ሥራ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ማለፍም ኪሣራ አይደለም» የሚል ሊሆን ይገባል። ይህ ምክር እውነት ሆኖ እንዲገኝ ግን በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው በር ክፍት መሆን አለበት፤ እርሱንም መክፈት የተማሪው ሳይሆን የእኛ ኃላፊነት ነው።