ዳንቴሉን በበረኪና አትንኩት

ከቁም ሣጥኑ ሥር ወይም ከአሮጌ ሻንጣ ውስጥ የታጠፈ ዳንቴል የማይገኝበት ቤት ጥቂት ነው። በአንድ ወቅት የሶፋው መደገፊያ፣ የቴሌቪዥኑ አናት፣ ቡፌው ሁሉ በኪሮሽ ሥራ ይሸፈን ነበር፤ ፋሽኑ ሲያልፍ ለመጣልም አሳሳ፣ ለመጠቀምም አልሆነ። እነዚህን ዳንቴሎች ከአሮጌ አንሶላና ከጥልፍ የጠረጴዛ ልብስ ጋር ገጣጥሞ ኩዊልት ማድረግ ይቻላል። ኩዊልት ላዩ ጨርቅ፣ መሃሉ ሙሌት፣ ሥሩ ገበር ሆኖ ሦስቱ አብረው የተሰፉ የአልጋ ልብስ ነው። ስፌቱ ያን ያህል አያስቸግርም። ሥራውን የሚያበላሸው ስለ አሮጌ ጨርቅ ከሰው ሰምተን የያዝነው ወሬ ነው።

«ቢጫ የሆነውን በረኪና ያነጣዋል» ይባላል። ያነጣዋል፣ እውነት ነው። ግን በረኪና ቆሻሻውን ብቻ ለይቶ አይነካም፤ ጥጡ የተሠራበትን ሴሉሎስም ይቆራርጠዋል። ነጭ ሆኖ ከገመድ የወረደው ዳንቴል ከተሰፋ በኋላ ጥቂት ሲታጠብ እዚህም እዚያም መበጠስ ይጀምራል። የዝገት ነጠብጣብ ካለበትማ በረኪና ጭራሽ ያጸናዋል። የሚሻለው ክሎሪን የሌለው፣ ሶዲየም ፐርካርቦኔት ያለበት ማንጫ ዱቄት ነው። በሙቅ ውሃ በጥብጣችሁ ጥጡን ወይም በፍታውን አሳድሩት (ሐርና ሱፍ ግን አይነከሩበትም)። ጠዋት ውሃው ቀጭን ሻይ መስሎ ታገኙታላችሁ፤ ደፍታችሁ ድገሙት። ለዝገቱ ሎሚና ጨው ሞክሩ፣ ከዚያ አጥብቃችሁ አለቅልቁ፤ አሲዱ ክሩ ውስጥ ከቀረ ይበላዋል። ሎሚና በረኪና ደግሞ በፍጹም እንዳይገናኙ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

ቅርጹን እንዲይዝ በስኳር ውሃ ወይም በስታርች ማድረቅም «ያቆየዋል» ይባላል። ለእንግዳ ቀን ያምራል፤ ለዓመታት ሲቀመጥ ግን ስኳሩ እየጠቆረ ይሄዳል፣ ነፍሳትም ይጠራል። አጥባችሁ ያለ ስኳርና ያለ ስታርች አድርቃችሁ አስቀምጡ።

«ኪሮሽ ከተቆረጠ ተተርትሮ ያልቃል» የሚለው ግማሽ እውነት አለው። ሹራብ አንድ ቀለበት ካመለጠው ቁልቁል እስከ ታች ይከፈታል። በኪሮሽ ግን እያንዳንዱ ቀለበት በሌላው ተቆልፏል፤ በቀላሉ የሚተረተረው የመጨረሻው ጫፍ ሲሳብ ነው። መሃሉን በመቀስ ከቆረጣችሁት የሚላላው የተቆረጠው ዙሪያ ነው፤ ዝም ከተባለ ግን በየእጥበቱ እየሰፋ ይሄዳል። ስለዚህ ስፌት ይቅደም፣ መቀስ ይከተል። ዳንቴሉን ጠቆር ያለ ጨርቅ ላይ ሳትወጥሩ አንጥፉት፤ ተወጥሮ ከተሰፋ ታጥቦ ሲሰበሰብ ሥሩ ያለውን ጨርቅ ያጨማድደዋል። ልትቆርጡት ባሰባችሁት መስመር ግራና ቀኝ በመኪና ስፉ፣ ከዚያ በሁለቱ መካከል ቁረጡ። ክቡን ሙሉ መጠቀም ከፈለጋችሁ መቀስም አያስፈልግም፤ የዙሪያውን ጫፎችና መሃሉን በቀጭን ክር በእጅ መያዝ ይበቃል። ከሁሉ በፊት ግን ወደ መስኮት ከፍ አድርጋችሁ በብርሃን እዩት፤ በሁለት አውራ ጣት ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ክሩ ጠሽ ጠሽ ካለ የሚሰፋ አይደለም።

«ዳንቴል ሁሉ የፋብሪካ ነው፣ ምን ይሳሳለታል?» የሚሉም አሉ። የፋብሪካ ዳንቴል በርግጥ አለ፤ አሠራሩ ግን ሌላ ነው። ፋብሪካ እውነተኛ ኪሮሽ አይሠራም። በርካሽ የተገዛውም ቢሆን የአንድ ሰው እጅ ሥራ ነው። በሌላ በኩል የሚያጋንኑም አሉ፤ አሮጌ ዳንቴል ሁሉ ቅርስ ነው ብለው መቀስ ማንሳትን እንደ ኃጢአት ያዩታል። የታወቀው የመጀመሪያው የታተመ የኪሮሽ ንድፍ የወጣው በሆላንድ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1823 ነው፤ ከየሣጥኑ የሚወጣው አብዛኛው ደግሞ ከዚያ እጅግ የቅርብ ነው። እኔ ሠሪዋ የምትታወቀውን አልቆርጥም፣ ሌላውን ግን አልምርም።

ኩዊልትን ከድሪቶ ጋር አንድ አድርጎ የሚንቅም ሞልቷል። ሎንዶን በሚገኘው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያለው የትሪስታን ኩዊልት በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ሲሲሊ ውስጥ የተሠራ የባለጸጋ ዕቃ ነው። በአሜሪካ አላባማ የጂስ ቤንድ መንደር ሴቶች ኩዊልት ደግሞ በርግጥ ከችጋር፣ ካለቀ የሥራ ልብስ የወጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ግን ኒውዮርክ በዊትኒ ሙዚየም ተሰቅሎ ታይቷል።

ሙሌት ከገበያ ካልተገዛ አይሆንም የሚለውም ልክ አይደለም። ያረጀ ጋቢ መሃል ቢገባ አራት ድርብ የእጅ ሽመና ጥጥ ነው፣ ይሞቃል። ነጠላው ግን ስስ ስለሆነ ብቻውን ላይ አይውጣ፣ ሥሩ ሌላ ጨርቅ ይደገፍ። ሁሉም ከመገጣጠሙ በፊት ለየብቻው ይታጠብ፤ ጋቢው ሳይታጠብ ከገባ በመጀመሪያው እጥበት ተኮማትሮ ላዩን ሁሉ ይዞት ይሸበሸባል።