ጉደር፦ የወንዝ ዳሯ የወይን ከተማ

ከወለጋዋ ኪራሙ ተነስቶ በነቀምቴ በኩል አዲስ አበባ የሚገባ መንገደኛ ባኮንና ጌዶን አልፎ፣ አምቦ ለመድረስ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ጉደርን ያገኛል። ጉደር የቶኬ ኩታዬ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ስሟን የምትጋራው ወንዝ ወደ ሰሜን ወርዶ ከዓባይ ይቀላቀላል።

አገር የሚያውቃት ግን በስሟ በሚጠራው ቀይ ወይን ጠጅ ነው። ይህን ወይን አክሱማይት ከተባለው ሌላ ወይን ጋር ለገበያ ያበቃው አዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1943 አዲስ አበባ ውስጥ ተቋቁሞ፣ ለረጅም ጊዜ በመንግሥት እጅ ቆይቶ በ2013 ወደ ግል ባለሀብቶች ዞሯል።

ወንዝና ወይን በሌላም አገር ይጎራበታሉ። በጀርመን የሞዘል ሸለቆ እንደ በርንካስትል ያሉ ትናንሽ ከተሞች ኑሯቸው ወይን ነው። እዚያ ጠላቱ ብርድ ነው። ስለዚህ ተክሉ ፀሐይ በሚያገኘው ቀጥ ያለ ገደል ላይ ይተከላል፤ ጥቁሩ ድንጋይ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት እንደ ምጣድ ቀስ እያለ ይለቃል። ብርዱ ሲበረታ ወይኑ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፤ በረዶው ሲያልፍ ያቆጠቁጣል።

እኛ ዘንድ እንዲህ የሚያስተኛ ብርድ የለም። ተክሉን የሚያሳርፈው ገበሬው ነው፤ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ውኃ ይነሳዋል፣ ቅርንጫፉንም አሳጥሮ ይገርዘዋል። መስኖ ካለ አንድ ተክል በዓመት ሁለት ጊዜ ሊያፈራ የሚችለውም በዚህ ዘዴ ነው።

ችግሩ ዝናብ ነው። እርጥብ ቅጠል ሻጋታ ይጠራል፤ ሊበስል የደረሰ ፍሬ ውኃ ሲበዛበት ይሰነጠቃል፣ ስኳሩም ይቀጥናል። የክረምቱ ዝናብ ለሚበረታበት ለምዕራቡ ደጋ ይህ ቀላል ፈተና አይደለም። ትልልቆቹ የወይን እርሻዎች ደረቅ ወደሆነው ስምጥ ሸለቆና አዋሽ ተፋሰስ ያዘነበሉት፣ የአዋሽ ፋብሪካ በአርሲ መርቲ፣ የፈረንሳዩ ካስቴል ደግሞ በዝዋይ የሚያለሙት ያለ ምክንያት አይደለም። ካስቴል ከሜርሎ፣ ከሲራና ከሻርዶኔ ዝርያዎች የጠመቀውን የመጀመሪያ ምርቱን እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ አቅርቧል።

ወለጋ ውስጥ ጓሮው ላይ ወይን መሞከር የሚሻ ሰውም ከአፈሩ በፊት ወሩን ያስላ። በሞቃት አገር ከግርዘት እስከ ለቀማ አራት አምስት ወር ገደማ ይወስዳል። መስከረም ሲያልቅ የተገረዘ ወይን፣ በበጋው ውኃ እየጠጣ፣ ፍሬው በጥርና በየካቲት ደረቅ ፀሐይ ይበስላል። በሚያዝያ የተገረዘው ግን የሚደርሰው ነሐሴ ላይ፣ በዶፉ መሃል ነው።