ወንጌሉ መዝገብ፣ ፊልሙ ምስክር

የቤተ ክርስቲያን ታሪክ በኢትዮጵያ ለብዙ ዘመን የተቀመጠው ወንጌል ውስጥ ነው። ንጉሥ ለገዳም ጉልት ሲሰጥ፣ አበምኔት ሲሾም፣ የዕቃ ቤቱ ንብረት ሲቆጠር፣ ጸሐፊው ጉዳዩን በወንጌሉ ባዶ ገጽ ወይም በኅዳጉ ላይ ያሰፍረው ነበር። ከገዳሙ ንብረት ሁሉ ይበልጥ የሚጠበቀው ወንጌል ነውና፤ በእርሱ ላይ የሰፈረውን ቃል መፋቅም ድፍረት ነው።

ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነው በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1280/81 የተጻፈው የሐይቅ እስጢፋኖስ ወንጌል ነው። በውስጡ የገዳሙን ታሪክ የሚናገሩ ማስታወሻዎች አሉ፤ የታሪክ ሊቃውንትም ስለ ሐይቅ ሲጽፉ ወደ እነርሱ ይመለሳሉ። ነገር ግን መዝገብና መጽሐፍ አንድ ሲሆኑ አደጋቸውም አንድ ነው። እሳት፣ ምስጥ፣ ርጥበት ወይም ሌባ ያንን አንድ ብራና ከወሰደው ጸሎቱም ታሪኩም አብረው ይሄዳሉ።

ይህን አደጋ ለመቀነስ የተነሣው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1973 ተጀመረ። በአሜሪካ የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲው ዋልተር ሃረልሰን ሐሳቡን ከገፉት አንዱ ነበሩ፤ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን፣ መንግሥትና በሚኒሶታ ኮሌጅቪል የሚገኘው የብራና ቤተ መጻሕፍትም ተባበሩ። አሠራሩ ቀላል ነበር። ብራናው ገጽ በገጽ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ምስሉ እጅግ አንሶ በጥቅል ፊልም ላይ ያርፋል፤ አንባቢው በማጉያ መሣሪያ ያየዋል። መጽሐፉ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ከፊልሙ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላው ኮሌጅቪል ይቀመጣል። ሥራው በደርግ ዘመንም ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1994 ሲያበቃ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተቀርጸው ነበር። የሐይቁ ወንጌልም በመዝገቡ ቁጥር 1832 ሆኖ ይገኛል።

ፊልም ብቻውን ግን ዝምተኛ ነው። በየጥቅሉ ምን እንዳለ የሚናገር ሰው ያስፈልገዋል፤ ከእንዲህ ያሉት ሰዎች አንዱ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1975 የደርግ ወታደሮች ቤታቸው ድረስ መጥተው በጥይት አቆሰሏቸው፤ ከዚያ ወዲያ በእግራቸው አልሄዱም። በቀጣዩ ዓመት ወደ ኮሌጅቪል ተሻግረው፣ ከተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው የሺዎች መጻሕፍትን ይዘት፣ ዘመንና የኅዳግ ማስታወሻ ሳይቀር መርምረው መዘገቡ። እስከ ዕረፍታቸው እ.ኤ.አ. 2021 ድረስ ከዚህ ሙያ አልራቁም። ዛሬ አንድ ተመራማሪ ገዳሙ ድረስ ሳይሄድ የሚፈልገውን ብራና የሚያገኘው በእንዲህ ያለ ሰው ትዕግሥት ነው።

ቅጂን በሁለት ስፍራ የማኖርና ይዘቱን የመመዝገብ ትምህርት ለጥንት ገዳማት ብቻ አይደለም። ሞያሌን እናስብ፤ የኢትዮጵያና የኬንያ ድንበር ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል። እ.ኤ.አ. በ2018 በኢትዮጵያው ሞያሌ ሰላማዊ ሰዎች ሲገደሉ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ወደ ኬንያው ወገን ተሰደዱ። እንዲህ ባለ ቀን ሰው ልጁን አዝሎ ይወጣል እንጂ መዝገብ አይሸከምም። የጥምቀት፣ የጋብቻና የቀብር መዝገብ ግን ስደተኛው ተመልሶ «እኔ የዚህ ስፍራ ልጅ ነኝ» የሚልበት ማስረጃው ሊሆን ይችላል።

የድንበር አጥቢያ ለዚህ ሥራ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት መጠበቅ የለበትም። እያንዳንዱን ገጽ በደህና ብርሃን በስልክ ማንሣት፣ በምስሉ ላይ የመዝገቡን ስም፣ ዓመቱንና የገጹን ቁጥር መጻፍ፣ ከዚያም አንዱን ቅጂ ከድንበሩ በዚህ፣ ሌላውን በዚያ ማኖር ይበቃል። ዋናው መዝገብ ደግሞ ከወለል ከፍ ብሎ፣ ምስጥና ርጥበት በማይደርስበት ሣጥን ይቀመጥ።

የሐይቁ ጸሐፊ ታሪኩን ካለው ሁሉ እጅግ በሚጠበቀው መጽሐፍ ላይ አሰፈረው። የእኛ ድርሻ ያንኑ ጥንቃቄ በሁለት ስፍራ ማድረግ ነው።