«እርስዎ አሸንፏል»፦ ግራ የሚያጋቡት መልእክቶች ለማን ነው የሚጻፉት?

«እንኳን ደስ አለዎት! እርስዎ አሸንፏል፣ አሁን ስጦታ ይውሰዱ።» ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ፣ ፌስቡክ ኮመንት ላይ ወይ በውስጥ መስመር እንዲህ ዓይነት ነገር ደርሷችሁ ያውቃል? አማርኛው የተንሻፈፈ ነው፣ ላኪው አይታወቅም፣ ግን ቃል በቃል አንድ ዓይነት ሆኖ አዲስ አበባም ጂንካም ወይጦም ይደርሳል። ብዙዎቻችን ስቀን እናልፈዋለን። ይሄ የተበላሸ የሚመስል ጽሑፍ ግን ሥራ አለው።

መጀመሪያ ትንሽ ታሪክ። ሳይጠየቅ በጅምላ የሚላክ መልእክት «ስፓም» ይባላል። ኢንተርኔትን ካስቆጡት የመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ስፓሞች አንዱ እኛ በደንብ የምናውቀው ነገር ነው፦ ዲቪ! ሚያዝያ 4 ቀን 1986 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 1994) ካንተር እና ሲግል የተባሉ ባልና ሚስት የአሜሪካ ጠበቆች «የግሪን ካርድ ሎተሪ» የሚል ማስታወቂያቸውን ዩዝኔት በሚባለው የዚያን ጊዜ መድረክ ላይ በሺዎች ለሚቆጠሩ የውይይት ግሩፖች ለጠፉት። ሁለት ዓመት ቆይቶ እዚያው ዩዝኔት ላይ «ማርኮቪያን ፓራላክስ ዴኒግሬት» በሚል ርዕስ ዝም ብሎ የቃላት ክምር የያዙ በመቶዎች የሚቆጠሩ መልእክቶች ፈሰሱ። ማን ለምን እንደላካቸው እስከዛሬ ያከራክራል።

የዛሬዎቹ ግን እንቆቅልሽ አይደሉም። አማርኛቸው ወይ ይዘታቸው የተበላሸበት ሦስት ምክንያት አለ።

1. ማጣሪያውን ለማለፍ
ኢሜይልና ሶሻል ሚዲያ ስፓም የሚለይ ማጣሪያ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 ፖል ግራሃም የተባለ ፕሮግራመር ቃላትን እየመዘነ ስፓምን የሚገምት ዘዴ አስተዋወቀ፤ ዘዴው ሲስፋፋ ላኪዎቹም መልእክታቸው ውስጥ ከየትም የተለቀሙ «ንጹህ» ቃላት መበተን ጀመሩ። ድንጋዩን በማሽላ ሸፍኖ ኩንታል እንደመሸጥ ማለት ነው። ፊደልም ይቀያየራል፦ «ስጦታ» ሲታገድ «ሥጦታ»፣ «ብር» ሲታገድ «ብ.ር»። ለእኛ ለውጥ የለውም፤ ፊደል በፊደል ለሚፈልግ ማሽን ግን ሌላ ቃል ነው።

2. ማሽን ስለተረጎመው
ጉግል ትራንስሌት አማርኛ የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። እንዲህ ዓይነት መተርጎሚያ ከመጣ ወዲህ አማርኛ የማይችል ሰውም በአማርኛ መላክ ይችላል። «እርስዎ» ካለ በኋላ «አሸንፈዋል» ማለት ሲገባው «አሸንፏል» የሚለው ለዚህ ነው። ጥበቃውም ለእኛ ቋንቋዎች ሳስቶ ቆይቷል፤ የቀድሞ የፌስቡክ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሀውገን እ.ኤ.አ. በ2021 ለአሜሪካ ሴኔት ስትመሰክር ኢትዮጵያን ስም ጠርታ የተናገረችው ይሄንኑ የቋንቋ ክፍተት ነው።

3. ሰውን ለማጣራት
የማይክሮሶፍት ተመራማሪ ኮርማክ ሄርሊ እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ የሚገርም ነገር ጻፈ፦ የማይታመን መልእክት ለአጭበርባሪው ይጠቅመዋል። መላክ ርካሽ ነው፤ ድካሙ ከመለሰው ሰው ጋር ማውራቱ ነው። ተጠራጣሪው ገና ከመጀመሪያው ስቆ ካለፈ፣ የሚመልሰው በቀላሉ የሚያምነው ብቻ ይሆናል። ስለዚህ እናንተን ያሳቃችሁ መልእክት ለእናንተ አልተጻፈም። ምናልባት ስልክ በቅርቡ ለገዙት አባታችሁ ነው የተጻፈው።

ታዲያ ከማናውቀው ሰው ተነስቶ እንዴት እኛ ጋ ይደርሳል? በምናውቀው ሰው በኩል! በቴሌግራም የታወቀው ዘዴ እንዲህ ነው፦ ጓደኛችሁ «ለእህቴ ልጅ ቮት አድርጉላት» ብሎ ሊንክ ይልካል። ሊንኩ ስልክ ቁጥር፣ ቀጥሎ ደግሞ የደረሳችሁን ኮድ ይጠይቃል። ኮዱን ስታስገቡ አካውንታችሁ ሄደ። ከዚያ ያው መልእክት በእናንተ ስም ለሁሉም ይላካል። ቀጥሎ «ቸግሮኝ ነው፣ 2,000 ብር በቴሌብር ላክልኝ» ይመጣል። እንደ ወይጦ ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ቦታ ይሄ በጣም ይሠራል፤ አርባ ምንጭ ያለ ወንድሙ ቸገረኝ ሲለው ማን ዝም ይላል?

ምን እናድርግ?

• ለመግቢያ የተላከላችሁን ኮድ ለማንም አትስጡ፣ በማንም ሊንክ ላይ አታስገቡ። የቴሌብር ፒንም እንደዚያው።
• ቴሌግራም ሴቲንግ ገብታችሁ «ቱ-ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» አብሩ። «ዲቫይስስ» በሚለው ውስጥ የማታውቁት ስልክ ካለ አስወጡት።
• ብር ላኩ ስትባሉ ደውላችሁ ድምፅ ስሙ። ኔትወርክ እምቢ ካለ ደግሞ በጸማይኛ፣ በአሪኛ ወይም በኮንሶኛ በቮይስ እንዲመልስላችሁ ጠይቁ። የሩቅ አጭበርባሪ እዚህ ጋ ይወድቃል።
• «ኢትዮ ቴሌኮም ስጦታ» የሚል ሊንክ ሲመጣ 994 ደውላችሁ አጣሩ።
• «ለ10 ሰው ካልላካችሁ» የሚለውን እናንተ ጋ አቁሙት።

በ2008 ዓ.ም የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ (ቁጥር 958) ስፓም ማሰራጨትንም በኮምፒውተር ማታለልንም በወንጀል ይቀጣል። ግን ላኪው ተይዞ ለፍርድ እስኪቀርብ ብሩ ቀድሞ ይሄዳል። ዛሬ ማታ እቤት ስትገቡ የእናትና የአባታችሁን ስልክ ተቀብላችሁ ሴቲንጉን እናንተ አስተካክሉላቸው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።