ከወንዝ ወደ ማሳ፦ የሃይድሮጂን ተስፋና ፈተና

በሌሞ ወረዳ ስንዴ የሚዘራ ገበሬ በማሳው ላይ የሚበትነው ዩሪያ ሃይድሮጂን ያለበት፣ በሃይድሮጂንም የተሠራ መሆኑን ብዙዎቻችን አናስተውልም። ስለዚህ ንጥረ ነገር ሲነሣ ፈጥኖ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ሮኬት የሚያስወነጭፈው ወይም ጭስ አልባ መኪና የሚያንቀሳቅሰው ጋዝ ነው። ይሁን እንጂ በዓለም ላይ በዓመት ከሚመረተው ወደ 97 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ ሃይድሮጂን አብዛኛው የሚውለው ለነዳጅ ማጣሪያዎችና ለማዳበሪያ ፋብሪካዎች ነው። ታዲያ ሃይድሮጂን ለአገራችን ምን ይጠቅማል? ምንስ ያስከፍላል? በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን ከፊዚክስ ሕግጋትና ከቀላል ሒሳብ ተነሥተን እንመለከታለን።

ምንጭ ሳይሆን ተሸካሚ

እንግሊዛዊው ሄንሪ ካቬንዲሽ እ.ኤ.አ. በ1766 ለይቶ ያጠናው ይህ ጋዝ በጽንፈ ዓለሙ ውስጥ ከሁሉም ንጥረ ነገሮች ይልቅ የበዛ ነው። በምድራችን ላይ ግን ነጻ ሆኖ የሚገኘው እምብዛም ነው፤ አብዛኛው በውኃ ውስጥ ከኦክስጅን ጋር፣ በተፈጥሮ ጋዝ ውስጥ ደግሞ ከካርቦን ጋር ተጣምሮ ይኖራል። ከተጣመረበት ለመለየት ኃይል ማውጣት ግድ ይላል። ስለሆነም ሃይድሮጂን የኃይል ምንጭ ሳይሆን የኃይል ተሸካሚ ነው። እንስራ ውኃ ይይዛል እንጂ ውኃ አያፈልቅም፤ ሃይድሮጂንም እንዲሁ ነው።

ንጽሕናውም የሚወሰነው በአመራረቱ ነው። ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ዘዴ የተፈጥሮ ጋዝን ከጋለ የውኃ ተን ጋር ማዋሐድ ሲሆን፣ በዚህ መንገድ አንድ ኪሎ ግራም ሃይድሮጂን ሲመረት ከ9 እስከ 10 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ሁለተኛው ዘዴ ኤሌክትሮሊሲስ ይባላል። በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ በባትሪና በሁለት ዘንጎች እንደሚታየው፣ የኤሌክትሪክ ፍሰት ውኃን ወደ ሃይድሮጂንና ኦክስጅን ይከፍለዋል። ኤሌክትሪኩ ከወንዝ፣ ከነፋስ ወይም ከፀሐይ የተገኘ ከሆነ ጋዙ በእርግጥም ንጹሕ ነው። ነገር ግን በዓለም ላይ ከሚመረተው ውስጥ ከብክለት ነጻ በሆነ ወይም ብክለቱ በተቀነሰ መንገድ የሚገኘው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም።

ሒሳቡ ምን ይላል?

አንድ ኪሎ ግራም ሃይድሮጂን ወደ 33 ኪሎዋት ሰዓት የሚደርስ ኃይል ይይዛል። ይህም ተመሳሳይ ክብደት ያለው ቤንዚን ከሚይዘው ሦስት እጥፍ ሊደርስ ጥቂት ቢቀረው ነው። ተስፋው የሚመነጨው ከዚህ ነው። ፈተናው ደግሞ ከይዘቱ ይጀምራል። በተለመደው የአየር ግፊት ይኸው አንድ ኪሎ ግራም ወደ 11,000 ሊትር የሚጠጋ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ በመኪና ውስጥ ለመጫን ከከባቢ አየር ግፊት 700 ጊዜ ያህል እጥፍ በሆነ ግፊት መጠቅጠቅ፣ ወይም ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ አቀዝቅዞ ፈሳሽ ማድረግ ያስፈልጋል። ሽታና ቀለም የለውም፤ ነበልባሉ በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል፤ በአየር ውስጥ መጠኑ ከመቶ 4 እጅ ሲደርስም ሊቀጣጠል ይችላል።

ሌላው ፈተና ብክነት ነው። አንድ ኪሎ ግራም ሃይድሮጂን ከውኃ ለመለየት በተግባር ከ50 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ጋዙን መልሶ ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው የነዳጅ ሕዋስ በበኩሉ ከያዘው ኃይል ግማሽ ያህሉን ብቻ ይመልሳል። በመሆኑም ካወጣነው ኤሌክትሪክ እጃችን ላይ የሚቀረው ሲሶው ገደማ ነው። ባትሪ ግን ከተሞላበት ከመቶ 80 እጅ በላዩን ይመልሳል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኗን ስታስታውቅ ፊቷን ያዞረችው ወደ ባትሪ ነው፤ ይህም ከፊዚክሱ ጋር ይስማማል።

ማዳበሪያና ወንዝ

ባትሪ ሊተካው የማይችለው ሥራ ግን አለ። አየር ከመቶ 78 እጁ ናይትሮጂን ቢሆንም ተክሎች እንዳለ ሊመገቡት አይችሉም። ፍሪትዝ ሃበርና ካርል ቦሽ የተባሉ ጀርመናውያን ሳይንቲስቶች በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ባስገኙት ዘዴ፣ ናይትሮጂን በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ከሃይድሮጂን ጋር ተዋሕዶ አሞኒያ ይሆናል። ከአሞኒያ ደግሞ ዩሪያ ይሠራል።

እስቲ እናስላ። አንድ ኩንታል ዩሪያ ለመሥራት 10 ኪሎ ግራም ሃይድሮጂን ያስፈልጋል። ይህን ከውኃ ለመለየት ከ500 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይጠይቃል፤ 3.5 ኪሎዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ140 ሰዓት በላይ ሳይጠፋ ቢቆይ የሚፈጀውን ያህል ማለት ነው። ለ1 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ ሲሰላ 5 ቢሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ያልፋል። ከሐዲያ በስተምዕራብ በሚወርደው የጊቤ ወንዝ ታችኛው ክፍል፣ ኦሞ ተብሎ በሚጠራበት ሥፍራ የተገነባውና እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጊቤ 3፣ በዓመት ያመነጫል ተብሎ የታቀደው 6.5 ቢሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ነው። እንግዲህ ለ1 ሚሊዮን ቶን ብቻ የዚህ ግድብ ምርት አብዛኛው ይወሰዳል ማለት ነው። አገራችን በዓመት ከውጭ የምታስገባው ጠቅላላ ማዳበሪያ ደግሞ ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በኖርዌይ ቬሞርክ፣ በግብፅ አስዋን፣ በዚምባብዌም ክዌክዌ ከውኃ ኃይል በተገኘ ኤሌክትሪክ ሃይድሮጂን እየተለየ ማዳበሪያ ለአሥርት ዓመታት ተመርቷል። የክዌክዌው የኤሌክትሮሊሲስ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2015 የተዘጋው የኬሚስትሪው ሕግ ስላልሠራ አይደለም፤ የኤሌክትሪኩ አቅርቦትና ዋጋ ስላልፈቀደ ነው።

የእኛ ምርጫ

እ.ኤ.አ. በ2022 የዩክሬን ጦርነት የማዳበሪያን የዓለም ገበያ ዋጋ ባናረ ጊዜ፣ ከውጭ በሚገባ ማዳበሪያ ላይ መመካት የሚያስከትለውን ጫና ገበሬዎቻችን ቀምሰውታል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ከዳንጎቴ ግሩፕ ጋር በጎዴ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመገንባት ተፈራርሟል። ሃይድሮጂኑ ግን የሚገኘው ከካሉብና ከሂላላ የተፈጥሮ ጋዝ ነው። ይህ ከውጭ ጥገኝነት ሊያላቅቅ ይችላል፤ ከካርቦን ግን አያላቅቅም።

በወንዝ ኃይል የሚመረተው ሃይድሮጂን ሌላው አማራጭ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት አቅም ለዚህ በር ይከፍታል። ይሁንና ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ገና ኤሌክትሪክ አላገኘም። በማገዶ ጭስ ዓይኗ ለሚቃጠል እናት አንድ ኪሎዋት ሰዓት ምጣዷን ቢያግልላት የሚሰጠው ጥቅም ሳይጓተት የሚታይ ነው። ከዚህም ሌላ አንድ ኩንታል ዩሪያ 73 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈልጋል፤ ጋዝ ካልተጠቀምን ይህን ከሲሚንቶ ፋብሪካዎች ወይም ከሌላ ምንጭ ማምጣት፣ አለዚያም ካርቦን የማይጠይቀውን አሞኒየም ናይትሬት ማምረት ይኖርብናል።

በእኛ እምነት ተገቢው ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። ኤሌክትሪክ በቅድሚያ ለመብራትና ለምድጃ፣ ቀጥሎም በባትሪ ለመጓጓዣ ይዋል። በክረምት ግድቦች ሞልተው የሚተርፈው ኃይል ግን በከንቱ ከሚፈስ ለሃይድሮጂን ቢውል መልካም ነው። በዓመት ለጥቂት ወራት ብቻ የሚሠራ ኤሌክትሮሊሲስ ወጪውን መመለስ ይችል እንደሆነ ማስላት የአንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ሊሆን ይገባዋል። እስከዚያው የሌሞ ገበሬ ስንዴን ከባቄላ ጋር እያፈራረቀ መዝራቱን መናቅ አይገባም። በባቄላ ሥር የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ያለ ግድብና ያለ ፋብሪካ፣ በአፈሩ ሙቀት ብቻ ናይትሮጂንን ከሃይድሮጂን ጋር ያዋሕዳሉና።